ጥቁር አልቀባም

ለውድ አማቴ፣

ከአዳማ ሙቀት ውስጥ ሆኜ አካም ጅርቱ እላለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? የደራ ነፋስ አልጠናብዎትም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ። በስልክ እንዳልነግርዎ አፌ እየተሳሰረብኝ ነው የምጽፈው።

ባለፈው መጥተው የልጅዎን የምልኬሳን ከል በእጅዎ ሲያወልቁልኝ፣ ፀጉርሽንም ተሠሪ፣ ለዱሬቲ ሠርግ የወንድሟ ሚስት ተሸፋፍና አትመጣም ብለውኝ አልነበር? ታዝዤ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ሠሪዋ ቦንቱ ከዚህ በፊት የተቀባሽው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም የለም አልኳት። ጎረቤቴ ሃፍሳ ራስ ምታትሽን ያበርድልሻል እያለች ሐዘኑን ሙሉ ከሻሼ ሥር ሂና ስትለቀልቀኝ መክረሟ ትዝም አላለኝ። ሂና ለእኔ መድኃኒት እንጂ መች ቀለም ሆነና!

ቡናማ ብዬ ገብቼ ብርቱካንማ፣ የበሰለ ፓፓያ መስዬ ወጣሁ። አልዋሽዎትም፣ አለቀስኩ። የሰፈራችንን ምላስ ያውቁታል፤ ባሏን በቅጡ ሳታለቅስ ሊሉኝ ነው። በማግስቱ ሻሼን አስሬ ተመለስኩና ሂናውን ተናዘዝኩ። ቦንቱም የፀጉር ማንጫው መድኃኒት ከሂናው ጋር ስላልተስማማ ነው፣ ቀላሉ መላ ጥቁር መቀባት ነው፣ ማንም አያውቅብሽም አለችኝ።

ጥቁር! እናቴ፣ ከወንበሩ ተነሥቼ ቆምኩ። እርስዎ ከገላዬ ያወለቁልኝን መልሼ ራሴ ላይ ልሰቅለው? ፓፓያ ሆኜ እቀራለሁ እንጂ ጥቁር አልቀባም አልኳት።

ግትርነቴ አሳቃትና ብርቱካንማውን የሚያበርደው አመድማ ቡናማ እንደሆነ፣ እሷ ጋ ግን እንዳለቀ ነገረችኝ። አዳማን አካለልኩ፤ የለም። በመጨረሻ ዲበኩሉ ጋ ደወልኩ። ያስታውሱታል፤ ከምልኬሳ ጋር ሞጆ ደረቅ ወደብ ይሠራ የነበረው፣ በቀብሩ ዕለት እርስዎን ደግፎ የቆመው ረጅሙ ልጅ። ሥራውን ትቶ የሴት ቀለም ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። ጓደኞቹ መሳቂያ እንዳደረጉት የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። እሱ ዕቃውን ሰጥቶኝ፣ ብቻ ጥቁር እንዳትቀቢ ብሎኝ ተመለሰ።

ቦንቱ መጀመሪያ ከጆሮዬ ኋላ ባለች ዘለላ ሞከረችው፤ ያዘ። ከዚያ ሙሉውን ቀባችኝ። ታጥቤ መስታወት ፊት ቀና ስል፣ አቤት! ልክ እንዳሰብኩት ቡናማ፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚስቅ። ሻሼን ቦርሳዬ ውስጥ ወትፌ በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀስ ብዬ እየተንጎራደድኩ አለፍኩ። ሃፍሳ ከበሯ ላይ እልልታዋን ለቀቀችው። ምላሰኞቹም ዞረው አዩኝ፤ ይዩኝ! ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሎኛል፣ እናቴ።

ለሠርጉ እመጣለሁ፤ ፊቴንም ፀጉሬንም ሳልሸፍን። አንድ ነገር ብቻ አለ። ይህን ደብዳቤ ያደረሰልዎት ሰው ረጅም ነው፤ አሁንም በር ላይ እንደቆመ ነው የሚሆነው። ያለ እርስዎ ቃል የእኔን ደጅም አይረግጥም። ካልፈቀዱ ውሃ አጠጥተው ይሸኙት፤ አልቀየምም። ግባ ካሉት ግን፣ ለሠርጉ ከእኔ ወንበር አጠገብ አንድ ወንበር ያስጨምሩልኝ።

ጌታ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ የዱሬቲን ልጆች አቅፈው ለመሳም ያብቃዎት።

ምራትዎ፣ ምንም ቢሆን ልጅዎ