አፍንጫዬ ተቃና፣ ድምፄስ?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ዛሬ ፋሻው ተፈታ። ሐኪሙ መስታወት አቀበለኝ። በልጅነቴ በቅሎ ረግጣኝ የተጨፈለቀው አፍንጫዬ፣ ውስጡ በገባው ቀጭን የሲሊኮን ድጋፍ ቀጥ ብሏል። እብጠቱ ገና አልጠፋም፤ ግን ሸጋ ነው። በሕልሜ የማያት፣ ስነቃ የምትጠፋብኝ ሴት ፊት ለፊቴ ቆማለች። ስተነፍስ አብራኝ ተነፈሰች።

ወደ ሰፈሬ ወደ ማራኪ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ከተማው ጉም ለብሶ፣ ሚኒባሱ በደመና ላይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ቤት እንደገባሁ አምባ ጊዮርጊስ ላለው አባቴ ደወልኩ። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው።

«አባየ፣ ፋሻው ተፈታልኝ!»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ ብርቄ።»

«የብርቄ ድምፅ እንዲህ አይደለም።»

እንባዬ ቀደመኝ። ፊቴ እንጂ ድምፄ ይለወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«እብጠቱ ነው አባየ። ሲቀንስ ይመለሳል ብለውኛል።»

ሐኪሙ ግን ስለ ድምፅ ምንም አላለኝም።

«ምነው ታዲያ ታለቅሻለሽ? አፍንጫሽ ሸጋ ሆነልሽ አይደል?»

«ሆነልኝ።»

«እንግዲያው ምን ቸገረሽ ልጄ። ድምፅሽን እለምደዋለሁ። ብቻ ቶሎ ቶሎ ደውይልኝ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስሜን ደጋግሜ ጠራሁ። ለእኔ ጆሮ ያው የድሮው ድምፅ ነው። ለአባየ ግን...

ነገም ጠዋት እደውልለታለሁ።