ስምሽን ከመጽሐፉ ስለማውጣቴ

እትዬ ገበያነሽ፣ የልጅነት አዛዤ፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ምግብ በሰዓቱ ትበያለሽ ወይ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ የእማዬ ጉልበት ብቻ ይሄን ክረምት አልወደደውም።

እኔ እዚያው አሳታሚ ቤት ነኝ፤ መካኒሳ አቦ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ። የአረብኛ መጻሕፍትና ትርጉማቸውን የምናወጣ ሦስት ሰዎች ነን። ቤሩት ሳለሁ ከማዳሜ ጩኸት የለቀምኩት አረብኛ እዚህ እንጀራ ሆነኝ፤ የጽሑፉን ደግሞ ባለቤቱ ጋሽ ዱጉማ አስተማሩኝ።

ዘንድሮ የተረጎምኩት አንዲት የቤሩት ሴት የጻፈችው ልብ ወለድ ነው። ውስጡ አንዲት ሠራተኛ አለች፤ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፤ መጽሐፉ እስኪያልቅ ግን «ልጅቱ» ከመባል በቀር ስም የላትም። አንጀቴ አልቻለም። ገበያነሽ አልኳት።

እኛ ዘንድ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ተርጓሚው አማርኛውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ጋሽ ዱጉማ አረብኛውን በጣታቸው ይከተላሉ። ስምሽ ጋ ስደርስ ጣታቸው ቆመ። ይቺ ደግሞ ከየት መጣች አሉኝ። እህቴ ናት አልኳቸው። ደራሲዋ ስም የነፈገቻት አንባቢው እንዲያፍር ነው፣ አንቺ ስም ከሰጠሻት ማን ሊያፍር ነው፣ አውጪው አሉኝ። ተናድጄ በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። ጎፋ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ልክ ነበሩ እኮ!

ስልሳ አንድ ቦታ ነበርሽ፤ ራሴው አንድ በአንድ አወጣሁሽ። ያኔ ነው ያፈርኩት እትዬ። ማዳምሽ ስልክሽን ከወሰደችብሽ ወዲህ በእሷ ስልክ ስደውል ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? «ሊናን አገናኚኝ» እያልኩ። እሷ ያወጣችልሽን ስም! እንዳትቆጣ፣ እንዳትዘጋብኝ ብዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ። ይቅር በይኝ።

ይሄን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ለሊሴ ናት፤ እሷም እዚያው ቤሩት ለሥራ መምጣቷ ነው። ስምሽን ብጠራ ማዳምሽ ንዴቷን ባንቺ ላይ ትወጣለች ብለሽ ከፈራሽ ለለሊሴ ንገሪያት፤ እተወዋለሁ። ካልከለከልሽኝ ግን በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ ስደውል ገበያነሽን አገናኚኝ ነው የምላት። እንዲህ የምትባል የለችም ብትለኝ፣ እደግመዋለሁ።

እማዬ በጸሎት ታስብሻለች፤ ጉንጮቿን ሳሚልኝ ብላኛለች። ወንድማችን በኃይሉ ሰላም ብሎሻል፤ ጺም አብቅሎ አላምር ብሎናል። ልጅሽ ቃለሕይወት መጻፍ ችላለች። ከግርጌ ያለው የእሷ እጅ ነው፤ አንዷ ፊደል ተገልብጣለች፣ ላስተካክላት ብል እምቢ አለችኝ።

እህትሽ ዶርቃ
መካኒሳ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናቴ ገበያነሽ