ያልተላጠ እንቁላል

ጎንደር፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለዳኛው
አስመራ

እንደምን ከረምህ ብዬ እንዳልጀምር የላክኸው ፎቶግራፍ ቀድሞ መልሶልኛል። ደህና ከርመሃል። አንገትህ ወፍሯል፤ ክንድህ የሸሚዝህን እጅጌ ወጥሮታል። ከጀርባህ ያለውን ግድግዳ አየሁ፣ ከእግርህ ሥር ያለውን የምታነሣውን ብረት አየሁ። ጥጉ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሳህን። ሳህኑ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ለማየት ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ወሰድሁት። አይለይም። የሰው ዓይን እንዳያርፍብህ ሣጥኑ ውስጥ፣ ከነጠላዬ ሥር አስቀምጬሃለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ትምህርት ቤቱም ደህና ነው። ለባልትና ክፍሉ አዲስ ምድጃ ተሠርቶልናል። በዚህ ሳምንት ልጆቹን የጾም ሽሮ አሠራር አስተማርኋቸው፤ የሠራሁትን እየተሻሙ፣ እየተጎራረሱ ጨረሱት። ቀድመው ይቅመሱልን ያለችኝ ልጅ የለችም። ይህን ለምን እንደጻፍሁልህ ወደ በኋላ ይገባሃል። ወይም ገና ስታነበው ገብቶህ ይሆናል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከፋሲካ በኋላ ነይ ትላለህ። ቤት ተከራይቻለሁ ትላለህ። «ወጥ ቤት የለውም፤ ግን አትቸገሪ፣ እኔ የምበላው ከክለቡ ጋር ነው፤ ለራስሽ ብቻ ታስቢያለሽ።» ሌላ ሴት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። ባሏ ከጭስ ገላገላት። እኔ «ለራስሽ ብቻ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምሁ። እስካሁን እዚያው ነኝ።

ዳኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ጥቅምት ላይ ስትሄድ ልጠይቅህ አስቤ ነበር። መልስህን አልፈራሁም። ስትመልስልኝ የማየውን ፊትህን ፈራሁ። ወረቀት ፊት የለውም።

ሾፌሩ ቢያዝን ከአስመራ ዕቃ ጭኖ የመጣ ጊዜ ታስታውሳለህ፤ ግንቦት ነበር። ማኪናው ተበላሽቶ እናንተ ጋራዥ ሲሠራለት፣ እሱ ስለ አስመራው የብረት ማንሻ ክለብ እያወራ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን ያሳያችሁ ነበር። ጣልያን ጥሎት ከሄደው ማኪና ሥር ያንን የምታነሡትን ዘንግ ያወጣችሁት ያኔ ነው፤ ከነሁለቱ ቸርኬ። ማታ እኛ ቤት ራት በላ። ሳህኑን እየጠረገ፣

«አንተ ዳኛው፣ ይህ ሽሮ እኮ ሆድ እንጂ ክንድ አያወጣም! እንቁላል ብላ፣ ወተት ጠጣ፣ ሥጋ ብላ። ብረት አንሥቶ ሽሮ መብላት ትርፉ ድካም ነው» አለህ።

«ምነው፣ ጠርገህ ከበላኸው በኋላ ነው እንዴ የምትሰድበው?» አልሁት። ሦስታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚያው ሳምንት፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ከቀድሞ አገሬ ከመካነ ብርሃን የመጣች ሴት እህትህን ወለተሩፋኤልን አግኝታ አዋራቻት። ምን እንዳለቻት የነገረኝ የለም። መንገርም አያስፈልግ። በዚያ አገር ስለ እኔ የሚወራው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያ ባሌ አለነ ከእኔ ማዕድ ተነሥቶ፣ ሆዱን ይዞ ወድቆ፣ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ሐኪም አላየውም። ለቅሶው ላይ ዘመዶቹ ፊቴን አላዩም። እጄን ያዩ ነበር።

ብረቱና ወሬው በአንድ ሳምንት ነው ቤታችን የገቡት። የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ላውቅ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማዕድህን ለየህ። ጠዋት ብረቱን አንሥተህ፣ ላብህ ሳይደርቅ ትገባለህ፤ እንቁላሉን ራስህ ትቀቅላለህ፣ ራስህ ትልጣለህ። አንድ ቀን ልጬ ባቀርብልህ፣ «ቀዝቅዟል፤ ቢያዝን ትኩሱን ነው ያለኝ» ብለህ ለድመቷ ጣልህላት። ወተቱን ጎረቤታችን ሸዋአየሁ ቤት ሄደህ፣ ላሟ ስትታለብ ቆመህ ጠጣህ። ሥጋውን ራስህ ገዝተህ፣ ራስህ ጠበስህ። ፍልሰታ ሲገባ እፎይ አልሁ። ጾሙ ወደ ሽሮዬ ይመልሰዋል ብዬ ነበር። አንተ ግን ባቄላና ሽምብራ ከነልጣጩ ቀቀልህ። «ባቄላም ክንድ ያወጣል» አልኸኝ፤ ሳታየኝ።

ስለ እንቁላል ከዚያ በፊት አስቤ አላውቅም። ባልትና አስተማሪ ሆኜ እንኳ። ለካ የሰው እጅ የማይገባበት ምግብ ነው። ዶሮዋ ዘግታ ነው የምትሰጥህ።

ሰውነትህ እየሞላ ሄደ፤ አልክድም። ደጃፉ ጠበበህ። የሠፈሩ ሴቶች፣ «ሐረግ፣ ምን እያበላሽው ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ምንም፣ እላቸዋለሁ። እየሳቁ ያልፋሉ። እኔ ግን ባየሁህ ቁጥር ሁለት ሰው ይታየኛል፤ አንዱ የሚጠነክር ሰው፣ አንዱ የሚመሽግ ሰው። በአንድ ደረት ላይ እንዴት ልለያቸው?

ባለፈው ሳምንት የጋራዥ ጓደኛህ ሸሪፍ ብረቱን ሊወስድ መጣ። ውሰደው ብለህ ጽፈህለታል አሉ።

«እቴ ሐረግ፣ ምነው ከሳሽሳ? ጾሙ ነው ወይስ አያ ዳኛው?»

«ጾሙ ነው» አልሁት።

ብረቱን ትከሻው ላይ እያመቻቸ ያወራል። «ቤቴ ውስጥ የሱ ነገር አላለቀም። ኩልሱም ምስር ወጥ በሠራች ቁጥር ታነሣዋለች። ድስቱን በዳቦ ጠርጎ፣ ‹ኩልሱም፣ ከባቄላ የገላገልሽኝ አንቺ ነሽ› ይላት ነበር።»

«ዳኛው? እናንተ ቤት ወጥ ይበላ ነበር?»

«በፍልሰታ ነዋ! ብረት አንሥተን ስንጨርስ።»

«ራሱ ሠርቶ?»

«ምን ይሠራል! ቁጭ ብሎ ይጎርሳል እንጂ።»

ፊቴን አይቶ ደነገጠ። ብረቱን መሬት አወረደው።

«ወላሂ እቴ ሐረግ፣ የኛ ሥጋ ባፉ አልዞረም! ምስር ብቻ። ሃይማኖታችሁን አላውቅም እንዴ? ኩልሱም እንኳ ለሱ ድስት ለይታ ነበር የምትሠራ። ልብሽ አይጠርጥር።»

«አምንሃለሁ፣ ሸሪፍ» አልሁት። እውነቴን ነው። ብረቱን ተሸክሞ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ።

ምስኪን፤ የእስላም ሥጋ በላ ብዬ የደነገጥሁ መስሎታል። ያ ቢሆን እንዴት ሸጋ ነበር! ለዚያ የነፍስ አባትህ ንስሐ ይሰጡሃል፤ ትሰግዳለህ፣ ያልፋል። የሌላ ሴት ድስት ጠርገህ፣ የኔን ሳትከፍት ማለፍህ ግን በምን ይሰገድለታል?

እርግጥ ሽሮዬ ሰልችቶህ ይሆናል። የኩልሱም ምስር ጥሞህ ይሆናል፤ የቢያዝንን ምክር መጣስህን እንዳልስቅብህም አፍረህ ይሆናል። ይህንንም አስቤዋለሁ። አንዱን አምኜ እነሣለሁ፤ ሌላውን አምኜ እተኛለሁ።

ከዚህ የባሰውን ልንገርህ። ከትናንት ወዲያ ወለተሩፋኤል ከጠዳ መጣች። የተልባ ወጥ በድስት ይዛልኝ። «ከስተሻል፤ ብዪ እንጂ፣ አንቺ» አለችኝ። ደግ ፊት ነበራት። ስትወጣ ክዳኑን ከፈትሁ። አሸተትሁት። ለድመቷ አወረድሁላት። ከዚያ ተቀምጬ ድመቷን አያለሁ። በላች፣ ፊቷን ጠረገች፣ ፀሐይ ላይ ተኛች። እኔ ግን አልነካሁትም። ዛሬ ምሳዬን ሽምብራ ከነልጣጩ ቀቅዬ በላሁ። ጉሮሮ ላይ ይቆማል። አንተም እንዲህ ስትውጥ ነው የከረምኸው፣ ብዬ አዘንሁልህ። አዝኜልህ ሳልጨርስ ተናደድሁብህ።

እመጣለሁ። በፋሲካ ሳምንት ቢያዝን ሲመለስ አብሬው እመጣለሁ። ወጥ ቤት ባይኖርም ምድጃ ከጎረቤት እለምናለሁ። ዶሮ እሠራለሁ። እንደ ተከሰሰች ሴት ዓይንህ ሥር ቆሜ አልሠራም፤ አንተ ክለብህ ስትሆን፣ ብቻዬን እሠራለሁ። እንቁላሉን እኔ እልጠዋለሁ። ስትገባ እንቁላሉን ቆርሼ፣ በእንጀራ ጠቅልዬ አጎርስሃለሁ። ምንም አልጠይቅህም። አፍህን ከከፈትህ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያሻህን ብላ፣ ያሻህን አንሣ። መጀመሪያ እጄን ካየህ ግን ሻንጣዬን ሳልፈታ እመለሳለሁ። አልጣላህም። አንተም አትሸኘኝ።

ከዚያ ደግሞ ተራው ያንተ ነው፤ አንተም ታጎርሰኛለህ። ያ ወፍራም ክንድህ ወደ አፌ ሲመጣ ዓይኔ የት እንደሚያርፍ እኔም አላውቅም።

እስከዚያው መድኃኔ ዓለም የምትበላውን ይባርክልህ፤ ከማንም እጅ ይሁን። ብረቱንም በቀስታ አንሣ፤ ወገብህን ጠብቅ።

ሚስትህ
ሐረገወይን

ድመቷ እስከ ዛሬ ደህና ናት።