ግማሹ የይለፍ ቃል ባሕር ዳር ነው

ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ የጡት አባት፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ ይብስብህ ስለነበር የጣና ነፋስ ምን ያደርገው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ልጅህ ወለተ ገብርኤል፣ ባሏ፣ የልጅ ልጆችህ ሁሉም ሰላም ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። መስኡዳም ደኅና ናት፤ እኔን ለመቆጣት ጉልበት እስካላት ድረስ ስለ ጤናዋ ሌላ ምልክት አልፈልግም። ላሟ ወልዳለች። ሐይቁም እንዳለ ነው። ጣና ሰፊ ነው እያልክ ለሰው ሁሉ እንደምታወራ ሰምቻለሁ፤ ስፋቱን ማን ጠየቀህ?

ስልክ ስደውል አታነሳም። በሰው ስልክ ስሞክር ደግሞ ድምፄን ስትሰማ «ኔትወርኩ አስቸገረ» ብለህ ትዘጋለህ። መስከረም ላይም ለግሸን መጥተህ፣ ተሳልመህ፣ እኛ ደጅ ሳትደርስ ተመለስክ አሉኝ። ይህን ለመስኡዳ አልነገርኳትም። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ፤ ሰው ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ሳታነብ እንደማትቀደው ደግሞ አውቃለሁ። አንተ እኮ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ እንኳ ሳትጨርስ ጥለህ አታውቅም።

መርዶውን ላስቀድም። ማሽናችን ሞተ። ያ ከደሴው መሥሪያ ቤታችን ሲወገድ በሐራጅ ገዝተን፣ አይሱዙ ላይ ፍራሽ አንጥፈን ያመጣነው፣ አረንጓዴ ፊደል የሚጽፈው ኮምፒውተር። ሐምሌ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከጀርባው ጢስ ወጣና ዝም አለ። እኔና አንተ ጎልማሶች ሳለን የቅሬያችንን፣ የዕድራችንን ዕቃ ሁሉ የመዘገብንበት፣ ለስንት ለቅሶና ለስንት ሠርግ ድንኳንና ድስት ሲያከፋፍል የኖረ ነገር ነውና ቤቱ በሐዘን ተሞላ። አንዱማ ጥሩምባ ይነፋለት ብሎ ነበር። የቅሬው ዳኛ አያ ሀሚዱ ግን መዋጮ ከፍሎ ስለማያውቅ አይገባውም አለ።

ደግነቱ ራህማ ነበረች። ደሴ ላይ ኮምፒውተር የምትጠግነዋ፣ የሥራ ባልደረባችን የነበረው የሙሐመድሁሴን ልጅ። ዲስኩን አውጥታ፣ ጠርጋ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ አንድ ላፕቶፕ ገለበጠችው። ከዚያ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም ጫነች። ይህ ፕሮግራም አዲሱን ላፕቶፕ አሮጌው ማሽን አስመስሎ ያሠራዋል። አንተ የጻፍካቸው ፕሮግራሞች ቤታቸው እንደተቃጠለ አያውቁም። ቅሬ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ያቺን አበባ ያላትን ጨርቅ ለብሰው የተቀመጡ ይመስላቸዋል። እስካሁን አታሚውን ይጠራሉ፤ አታሚው የዶሮ ማደሪያ ከሆነ ቆይቷል። ያው አረንጓዴ ፊደል፣ ያው በላቲን ፊደል «ስም?» ብሎ መጠየቅ። እኔ እንባዬ መጣ፣ ወላሂ። አያ ሀሚዱ፣ ማሽኑ ሞቷል ወይስ አልሞተም ብሎ አጥብቆ ጠየቀኝ፤ ሳስረዳው ቆይቶ፣ እንግዲያው ማንም እንዳይነግረው አለ።

ራህማ ፕሮግራሙን ስታየው ተገረመች። ለአንድ ቅሬ ይህን ያህል ፈቃድ ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አንተ ሆኜ አስረዳኋት፤ ድምፅህን ሳይቀር አወፍሬ። ቅሬያችን የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው፤ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ የጋራ ነው፤ የሥጋው ድስት ግን ለየብቻ ነው፤ አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ። ሠርግ ተደግሶ ሰው ሲራወጥ ድስት ከድስት እንዳይቀላቀል፣ የእስላሙን ድስት መዝገብ የሚጽፍበት የእስላም ወገን ብቻ ነው፣ ክርስቲያኑ ማየት ይችላል፣ መንካት ግን አይችልም፤ የክርስቲያኑም እንደዚያው። የድንኳኑን ተራ ደግሞ ሁሉም ያየዋል፤ የሚጽፈው ግን ዕቃ ቤት ጠባቂው ብቻ ነበር። ከሁሉም በላይ ዋናው ተጠቃሚ አለ፤ ማን ምን እንዲያይ፣ ማን ምን እንዲጽፍ የሚፈቅደው እሱ ነው። የሱ የይለፍ ቃል ለሁለት ተከፍሏል። የዕቃ ቤቱ በር ሁለት ቁልፍ እንዳለው፣ አንዱ በእስላም አንዱ በክርስቲያን እጅ እንደሚቀመጠው፣ የይለፍ ቃሉም ግማሹ አንተ ዘንድ፣ ግማሹ እኔ ዘንድ። መጀመሪያ አንተ ትጽፋለህ፣ ቀጥዬ እኔ። ማሽኑ አማርኛ ስለማያውቅ ሁለታችንም በላቲን ፊደል። አንተማ ስትጽፍ ማንም እንዳያይህ ባርኔጣህን እጆችህ ላይ ትደፋለህ። ራህማ ባርኔጣው ላይ ስትደርስ በጣም ሳቀች።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ያንን ስብሰባ ታስታውሳለህ፤ ጥለኸን የሄድክበትን። ሰዉ በድንኳኑ ተራ እያንዳንዱ በስሙ ገብቶ ራሱ ይጻፍ፣ ካልፈለገም ራሱ ይሰርዝ፣ ምን ጠባቂ ያስፈልገናል አለ። አንተ ተነስተህ እንቢ አልክ። ያልከውን ቃል በቃል አልረሳሁትም፦ «እኔ የምፈራው ሌባ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። የዚህ አገር ሰው የራሱን ተራ እንዲሰርዝ ከተፈቀደለት ሁሉም ይሰርዛል።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ መስኡዳ እንደምትለው ከሁሉም የጎላው የኔ ነበር። ድምፅ ተሰጠ፣ ተሸነፍክ። ማሽኑ ፊት ተቀመጥን፤ ባርኔጣህን ደፍተህ ግማሽህን ጻፍክ፣ እኔም ግማሼን፤ የድንኳኑ ተራ ለሁሉም ተከፈተ። ከዚያ ባርኔጣህን አንስተህ፣ አራግፈህ፣ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳትል ወጣህ። በሳምንቱ ልጁ ዘንድ ባሕር ዳር ገብቷል ተባለ።

ልጃችን ሀኒያ ልታገባ ነው። ከሌላ ሰው ሰምተህ ከሆነ ይቅር በለኝ፤ ከኔ መስማት ነበረብህ። ልጁ ሙዓዝ ይባላል፤ የአምባሰል፣ የውጫሌ ልጅ ነው፣ መምህር ነው፣ ትንሽ ዝምተኛ ነው፤ ከኛ ቤት ሴቶች ጋር ሲኖር ይለምደዋል። ኒካሑ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ነው። እኔም ኅዳር ላይ ገብቼ ለድንኳኑ ተራ ያዝኩ።

ለካ ወይዘሮ ሠርክአዲስም ለልጇ ሠርግ ያንኑ እሑድ ፈልጋ ከኔ ቀጥላ ተመዝግባለች። መስኡዳ ይህን ስታይ፣ ሠርክአዲስ ብቻዋን ያሳደገችው አንድ ልጅ ነው፣ እኛ ሸራ ወጥረን እንዳር ብላ፣ ሳትነግረኝ ገብታ የኛን ሰረዘች። ሠርክአዲስ ደግሞ ያንኑ ቀን፣ የሀኒያ ሠርግ እያለ እኔ ድንኳን ልወስድ ነው ወይ ብላ የራሷን ሰረዘች። ድንኳኑ ባዶ ሆኖ ሲታይ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለው ሐሰን ለእህቱ ሠርግ ያዘው። ቅዳሜ ገበያ ላይ መስኡዳና ሠርክአዲስ ተገናኝተው፣ እንኳን ድንኳኑ ደረሰሽ፣ ኧረ እንኳን ላንቺ ደረሰሽ ሲባባሉ ነገሩ ወጣ። ሐሰን ጎን ቆሞ ሽንኩርት ይገዛ ነበር። ሰማቸው። ከገበያ በቀጥታ ቅሬ ቤት ሄዶ እሱም ሰረዘ።

ይኸውልህ። ድንኳኑ ተጣጥፎ ዕቃ ቤት ተኝቷል፣ ሦስት ሠርግ አለ፣ የሚወስደው የለም። አያ ሀሚዱ ስብሰባ ጠራ። ከዙህር ሶላት በኋላ ጀምረን አንቺ ውሰጂ፣ በሞቴ አንተ ውሰድ ስንባባል ለመግሪብ ሶላት ስንነሳ ድንኳኑ ባለቤት አልነበረውም። ሐሰን እንዲያውም ቅር ብሎት ወጣ፤ እንቢ ያላችሁኝ ንቃችሁኝ ነው አለ። ራህማ የሳምንቱን ቅጂ አስቀምጣ ስለነበር ተራውን ወደነበረበት መለሰችልን። በማግስቱ ሁሉም ተራ በተራ ገብተው እንደገና ሰረዙ። አያ ሀሚዱ ራሱን ይዞ፣ እኔ ብወስን ፊት አየ እባላለሁ፣ ማሽኑ ሲወስን ግን ማንም ተቀይሞት አያውቅም፣ የድሮው ፈቃድ ይመለስ፣ ጠባቂው ብቻ ይጻፍ፣ ማንም የራሱን እንኳ እንዳይሰርዝ አለ። ቤቱ በሙሉ እጅ አወጣ። እጅ ካወጡት መካከል ያን ቀን የሳቁብህ ሁሉ አሉበት።

ፈቃድ የሚቀይረው ዋናው ተጠቃሚ ነው። ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔም ግማሹ እኔ ዘንድ ነው፣ ግማሹ እሱ ዘንድ ነው፣ እሱም ባሕር ዳር ነው አልኳቸው። ይህ ውሸት አይደለም። ራህማ እዚያው ተቀምጣ ነበርና፣ አሁን እኮ ማሽኑ ላፕቶፕ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ በኩል ገብቶ የይለፍ ቃሉን መቀየር ቀላል ነው ማለት ስትጀምር ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኳት። ልጅቱ እንደ አባቷ ብልህ ናት። ቀና ብላ አየችኝና፣ ይህ ግን በጣም ያረጀ ሥርዓት ስለሆነ ሊበላሽ ይችላል አለች። አያ ሀሚዱም፣ እንግዲያው ሰውየው ይምጣ ብሎ ስብሰባውን በዱዓ ዘጋ።

ሀኒያ ነገሩን ስትሰማ ምን እንዳለች ልንገርህ። ድንኳን ኖረ አልኖረ ግድ የለኝም፣ የጡት አባቴ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም አለች። ትቀልዳለች ብዬ ነበር፤ አትቀልድም። ሕፃን ሆና ታማ አልጠባ ስትል አውራ ጣትህን ማር ነክረህ ያጠባሃት፣ ልጄ ናት ብለህ በሽማግሌ ፊት የተቀበልካት አንተ ነህ። ሙዓዝ ለሽምግልና ሲልክም ሁለት አባት እንዳላት ሰምቶ ሽማግሌዎቹ ሁለት ጋቢ ይዘው ነው የመጡት። ያንተ ጋቢ ሣጥን ውስጥ ነው፤ መስኡዳ ብል እንዳይበላው ኮሶ ቅጠል አድርጋበታለች። ደግሞስ የክርስቲያኑን ሰንጋ ማን ባርኮ ያርዳል? በኔ ቤት ድግስ ከአንተ ሌላ ያረደ ክርስቲያን አለ? ሠርክአዲስ እንግዶቿን ይዛ ስትመጣ ሽሮ ላቅርብላት?

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ ነገር ላለመጻፍ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም። ልክ ነበርክ። እኔ፣ አያ ሀሚዱ፣ ቅሬው በሙሉ አገራችንን ሳናውቃት፣ አንተ አውቀሃት ነበር። ይኸው በጽሑፍ ሰጠሁህ፤ በመስተዋት አስገብተህ ባሕር ዳር ግድግዳ ላይ ስቀለው ከፈለግህ። አመጣጥህ ግን ቶሎ ይሁን።

ናፍቀኸኛል። ከሄድክ ወዲህ የሚከራከረኝ የለም፤ ሁሉም ልክ ነህ ይለኛል፣ ልክ እንዳልሆንኩ እያወቀ። ማሽኑ ፊት ለብቻዬ ስቀመጥ ወንበርህን ከጎኔ እስባለሁ። ሰው ሊቀመጥበት ሲመጣ ተይዟል እላለሁ።

አብሽር፤ ጉልበትህን ከፈራህ መናኸሪያ ድረስ እኔ እቀበልሃለሁ። አላህ መንገድህን ያቅናው፣ ጤናህን ይመልስ፣ ለልጃችን ቀን በሰላም ያድርስህ። እኔ ከዘለልኩት ምርቃት ካለ አንተ በማርያም ስም ሙላበት። ወለተ ገብርኤልን፣ ባሏን፣ ልጆቹን ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ ሁሉንም ይዘሃቸው ና። መስኡዳ ሰላም ብላሃለች፤ ሌላም ብላለች፣ እሱን ስትመጣ ራሷ ትነግርሃለች።

ያንተው፣
የልጅህ አባት

ይድረስ ብዬ ካሸግኩት በኋላ መልሼ ከፍቼ የጨመርኩት፦ ድንገት ግማሽህን ረስተኸው ከሆነ፣ በዚህ ሰበብ እንዳትቀር። ባርኔጣህ ያን ሁሉ ዓመት እጅህን እንጂ፣ ስትጽፍ ፊደሉን የሚያንሾካሹከውን ከንፈርህን ሸፍኖት አያውቅም። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ አልልምም። ብቻ እዚህ ስትደርስ ሙሽራዋን ስሟን ጠይቃት።