የመምህርት ሰኚ ጃለታ የሕይወት ታሪክና ተቆልፎበት የቀረው ትምህርታቸው

መምህርት ሰኚ ጃለታ ቦሌ ቡልቡላ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ፣ ከአባታቸው ከአቶ ጃለታ ሰቦቃና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሪቱ ቶሌራ ሰኔ 14 ቀን 1976 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ ባለማልቀሳቸው እናታቸው ልጃቸው የሞተች መስሏቸው ነበር።

በኦሮምኛ እያሰቡ፣ በአማርኛ እየጠየቁ፣ በእንግሊዝኛ እየተፈተኑ ተምረው በፊዚክስ በዲግሪ ተመረቁ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሰፈራቸው በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ2001 ዓ.ም. ከአቶ መሐሪ ሃይለኣብ ጋር ተጋብተው በ2003 ዓ.ም. ልጃቸውን ኦብሴን ወለዱ።

በ2015 ዓ.ም. ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ካስፈተኗቸው ሰማንያ ሁለት ተማሪዎች አንድም አላለፈም። «ልጆቹ የከበዳቸው ፊዚክሱ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም» ብለው ትምህርቱን እንደ አዲስ ቀየሱት። ስለ ግፊት ሲያስተምሩ፣ የኮንዶሚኒየሙ ውሃ አራተኛ ፎቅ ለምን እንደማይደርስ መጀመሪያ ልጆቹ በአፋቸው በሚናገሩት ቋንቋ ያስረዳሉ፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገራሉ። አርብ አርብ አጭር ጥያቄ ሰጥተው፣ ያልገባውን ሰኞ ይደግሙታል። በዓመቱ አራት ልጆች አለፉ።

በዚያው ሰሞን ለትምህርት ቤቱ አርባ ታብሌቶች በእርዳታ መጡ። መምህርት ሰኚ የዓመቱን ትምህርት በድምፃቸው ቀርጸው ጫኑባቸው። ንብረት ክፍሉ ግን «ታብሌቶቹን የሚያወጣው መምህር በስሙ ይፈርም» አለ። እናታቸው እያለቀሱ «ልጄ፣ እንዳትፈርሚ! አንዱ ቢጠፋ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ» ብለው ለመኗቸው። «እሺ እማዬ፣ ሌላ ሰው እስኪፈርም ልጠብቅ» አሉ። የፈረመ አልተገኘም፤ ታብሌቶቹም በካርቶን እንደታሸጉ ንብረት ክፍል ቀሩ።

በ2017 ዓ.ም. በጡት ካንሰር ታመሙ። ሕመሙ ሲጠናባቸው በአቶ መሐሪ ተደግፈው ሄደው ራሳቸው ፈረሙ። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ባትሪዎቹ አብጠዋል፤ ከአርባው የበራው አንድ ብቻ ነው። እናታቸውን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ኦብሴና ወላጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ድምፃቸው የቀረበት ያ አንድ ታብሌት እናታቸው ዘንድ ነው። ኦብሴ ልስማው ብላ ብትለምንም፣ አያቷ ይሰበራል ብለው ስለሚፈሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።

በዚህ ዓለም የተቆለፈባቸውን በር፣ እግዚአብሔር በዚያኛው ከፍቶ ይቀበላቸው። አሜን።