በክፍሉ ሁሉ ፊት ያልኩህ «ዊ»

ውድ ገዳ፣

ይህን በአማርኛ ስጽፍልህ ውላችንን ማፍረሴ ነው። ፈረንሳይኛ የጀመርን ሰሞን «ከዛሬ ወዲያ እኔና አንቺ አማርኛ አንነጋገርም፤ ያፈረሰ ማኪያቶ ይጋብዛል» ያልከው አንተ ነህ። እንግዲህ ማኪያቶ አለብኝ። ቴሌግራም ላይ ሞክሬው ነበር። እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ስልኩን ትራስ ሥር እከታለሁ፣ መልሼ አወጣዋለሁ። ብደውልልህ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ፤ ዋናው ነገር ጋ ስደርስ «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ብዬ እዘጋዋለሁ። የቢሮህ ሾፌር ዲንሳ ነገ ጠዋት ከባድ መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ እንደሚነሳ ስሰማ በወረቀት ይሻላል አልኩ። አንዴ ለሾፌር የሰጡትን ወረቀት ማጥፋት አይቻልም።

ሰሞኑን ቁጭ ማለት አቅቶኛል። የምሠራበት ሆቴል ስገባ የአንዱን እንግዳ ቁልፍ ለሌላው እሰጣለሁ። ከሳር ቤት ታክሲ ይዤ መካኒሳ መውረጃዬን አልፌ እሄዳለሁ። ምክንያቱን ታውቀው ይሆናል፤ ወይም ፈጽሞ አታውቀውም። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ጎፋ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለችው ክፍላችን ትናፍቅሃለች? እኔ ለስብሰባ የሚመጡትን የምዕራብ አፍሪካ እንግዶች እንዳናግር፣ አንተ የትራንዚት ቢሮህ ጅቡቲ እንዲልክህ፣ ሁለታችንም ጋሽ ገብረ መድኅን ፊት እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተቀመጥን። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸውና ቋንቋውንም የሚያስተምሩት በባቡር ሕግ ነበር። በፈረንሳይኛ ጠረጴዛ ሴት ናት ሲሉን «ለምን?» ያልክ ጊዜ የመለሱልህን አልረሳውም። «ባቡር ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ይሳፈሩታል እንጂ!» እኔ ግን መሳፈሩ አልሆነልኝም ነበር። ያቺን የፈረንሳይ «ር» ከጉሮሮዬ ላወጣ ስታገል እናቴ ጉንፋን የያዘኝ መስሏት ዝንጅብል አፈላችልኝ። ስንት ቅዳሜ ደብተሬን ወርውሬ ልቀር ብዬ አንተ ደረጃው ላይ ቆመህ ስትጠብቀኝ ተመለስኩ።

ደስታውም ደስታ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ቀን አንድ የማሊ እንግዳ ቆጣ ብሎ መጣና ስለ ገላ መታጠቢያው ማማረር ጀመረ። ሙቅ ውሃ የለም፣ ፎጣው አልተቀየረም፣ ማታ ውሻ ሲጮህ አደረ። ሁሉም ገባኝ! እያንዳንዷ ቃል! ደስ ከማለቴ የተነሳ ጥርሴን ገልጬ ቆምኩ። ሰውየው «እመቤት፣ ምን ያስቅሻል?» ብሎ ጮኸብኝ። መረዳቱን እንጂ ማስረዳቱን ገና አልተማርኩም ነበርና ዝም ብዬ ሳቅሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ካንተ ጋር ማውራቱ ነበር። አማርኛ ስናገር ሰባት ዘመድ ከኋላዬ ቆሞ የሚያዳምጠኝ ይመስለኛል። ምን ይሉኛል፣ እንዴት ይሰማብኛል እያልኩ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። በፈረንሳይኛ ግን ዘመድ የለኝም። እኔ አማርኛዬን፣ አንተ ኦሮምኛህን ደጅ ትተን ስንገባ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ነበርን። የምንሸሽበት ቃል ስላልነበረን «ደክሞኛል»፣ «ፈርቻለሁ»፣ «ሳትመጪ ስትቀሪ ይከፋኛል» ተባባልን። በአማርኛ ቢሆን ዓመት ይፈጅብን ነበር።

ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ። ወደ ጅቡቲ ልትሄድ ጥቂት ቀን ቀርቶሃል። ጋሽ ገብረ መድኅን እንደ ልማዳቸው ሁለት ሰው አቁመው ሊያነጋግሩ እኔንና አንተን ጠሩ። «ባቡር ጣቢያ ናችሁ። አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል። ቀጥሉ!» አሉ። ስለ ሻንጣው ጠየቅሁህ፤ ስለ ባቡሩ ሰዓት መለስክልኝ። ከዚያ ዝም አልክ። ቃል የጠፋብህ መስሎኝ ላቀብልህ ስል «ኤፑዝ ሟ» አልከኝ። አግቢኝ።

«ዊ» አልኩህ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ገብረ መድኅን በቁልፋቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው «ጥሩ ነው፤ ግን ዊ ሲባል አይጎተትም» አሉና ሌሎች ሁለት ሰዎች ጠሩ። ወጥተን ታክሲ ጥበቃ ስንቆም አንተ ጫማህን ታያለህ፣ እኔ አስፋልቱን። ወያላው «ሀና ማርያም! ሀና ማርያም!» እያለ ደረሰ። «በቃ፣ ደህና ሁኚ» ብለኸኝ ገባህ። በአማርኛ! ማኪያቶውን እንኳ አልጠየቅሁህም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጅቡቲ ሙቀት ጽፈህልኛል፣ ስለ ኮንቴይነር ጽፈህልኛል፣ ስለ ዓሣው ጽፈህልኛል። ስለዚያች ቃል ግን ምንም። እኔም አልጠየቅሁም። ልምምድ ከነበረስ? ለልምምድ ጥያቄ ልቤን አውጥቼ ከሰጠሁስ? እያልኩ ክረምቱ አለፈ።

አሁን ግን ዝም የሚባልበት ጊዜ አበቃ። ጎረቤታችን እትዬ ማናዬ ለእህታቸው ልጅ ሽማግሌ ልከው አባቴ ቀጠሮ ሰጣቸው። ልጁ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አባቴ አጠገቡ አስቀምጦኝ «ልጄ፣ ለሌላ ሰው የሰጠሽው ቃል ካለ አሁን ንገሪኝ፤ ኋላ ሰው ፊት እንዳላፍር» አለኝ። ምን ልበለው? ቃልስ ሰጥቻለሁ፤ ግን ክፍል ውስጥ፣ በፈረንሳይኛ፣ መምህሩ እያረሙኝ።

ዛሬ ከሰዓት እግሬ እናትህ ቤት ወሰደኝ። «እናቴን አልፎ አልፎ እያት» ስላልከኝ መሄድ እንደጀመርኩ ታውቃለህ። ያልነገርኩህ ኦሮምኛ እየተማርኩ መሆኔን ነው። እናትህ እትዬ አማከለች ወተት ሊገዙ ከሚመጡት የኮንዶሚኒየም ሰዎች ጋር በአማርኛ ሲከራከሩ ጠበቃ ናቸው። ከእኔ ጋር ግን አንዲት የአማርኛ ቃል አይወጣቸውም። ቅቤን በኦሮምኛ ልጠራ ምላሴን ባጣጠፍኩ ቁጥር እህትህ ኦብሴ በሳቅ ትንፈራፈራለች። አንድ ቀን ወተት ሲሰጡኝ ላመሰግን «ሜርሲ» ብያቸው ኦብሴን «ይሄ ደግሞ የየት አገር ኦሮምኛ ነው?» ብለው ጠየቋት። አንዱን ቋንቋ ስፈልግ ሌላው ቀድሞ ይወጣብኛል።

ዛሬ እኔ ላሞቹ ጋ ቆሜ እናትህና ኦብሴ በረንዳው ላይ ወተት እያጠለሉ በኦሮምኛ ያወራሉ። ፈጠን ብለው ሲያወሩ እንደማልሰማ ቆጥረው ነው። እናትህ «ገዳ ሳይሄድ ይቺን ልጅ እጠይቃታለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ጠየቃት ወይስ አልጠየቃትም? ሽማግሌ የሚሆኑን ሰዎች ባዩኝ ቁጥር መቼ ነው የምንላከው ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው? ልጅቷም ትመጣለች፣ ትሄዳለች፣ አትናገርም።»

ገዳ፣ ሁሉም ገባኝ። ይህ ምን ማለት ነው ብዬ በጭንቅላቴ ወደ አማርኛ ሳልመልሰው፣ ውሃ እንደሚጠጣ ሰው ጭልጥ አደረግሁት። የበረቱን በር ዘጋሁ። ከዚያ ወደ በረንዳው ሄጄ «ኤዬ፣ ና ጋፈቴ» አልኳቸው። አዎ፣ ጠይቆኛል።

እናትህ ማጥለያውን እንደያዙ ቀሩ። ቀና ብለው አዩኝና ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገሩኝ። «ታዲያ ምን አልሽው?»

ያኔ አማርኛውም ኦሮምኛውም ጠፋብኝ። «ዊ» አልኩ።

«ዊ ምንድን ነው?»

ኦብሴ እየሳቀች «አዎ ማለት ነው፣ እማዬ፤ በፈረንሳይኛ» አለቻቸው።

«ለአንዲት አዎ ሦስት ቋንቋ ጨረሳችሁ!» አሉና ወተቱን አስቀምጠው አቀፉኝ። አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ መሰለኝ፤ ፊታቸውን አላሳዩኝም።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። እስከ ዛሬ ምን አፍኖ እንደያዘኝ ሲጠይቀኝ ስለ ክፍሉም ስለ ፈረንሳይኛውም አጫወትኩት። ቀጥሎ «ከእናቱ ጋር በምን ትግባባላችሁ?» አለኝ። እየተማርኩ ነው ስለው ሳቅ አለ። «ለመጡት ሰዎች ልጄ ቃል አላት እላለሁ። ግን ልጁን ከአፉ ልስማው። እሱ ዝም ብሎ አንቺ ብቻ ስትናገሪ ልቤ አይቆምልኝም» አለ። እውነቱን ነው። የእኔም አልቆመልኝም። ለእናትህ የነገርከው ያኔ ነው፤ ዛሬስ? ወይስ አንተም በበኩልህ የእኔን ዊ ለጋሽ ገብረ መድኅን የተሰጠ መልስ አድርገኸው ነው እስከዛሬ ዝም ያልከው?

ይህን አንብበህ ስትጨርስ ደውልልኝ። ሐሳብህ ተለውጦ ከሆነም ደውልልኝ፤ ከዚህ ጥበቃ እሱ ይሻለኛል። ካልተለወጠ ግን በፈለግከው ቋንቋ እንደገና ጠይቀኝ፤ አራሚ በሌለበት፣ አጨብጫቢ በሌለበት። ጥያቄህ ልምምድ እንዳልነበረ ከእናትህ ሰምቻለሁ። መልሴም ልምምድ አልነበረም።

ስልኳን ከትራስ ሥር ያወጣችው፣
ውዳሴ