ሕብስት፣ መድኃኒትሽን አትጹሚው

ልጄ ሕብስት፣ በሰው አገር እመቤታችን ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ዙሪክ ዛፉ ሲያብብ አፍንጫሽ ይደፈናል፤ ሐኪም ያዘዘልሽን ስቴሮይድ ያለበትን የአፍንጫ ስፕሬይ ግን ሁዳዴ ነው እያልሽ አንድ ቀን ትረጪያለሽ፣ ሁለት ቀን ትተዪዋለሽ። የነፍስ አባትሽን ብጠይቃቸው «መድኃኒት ጾም አያስገድፍም» አሉኝ። ፋርማሲ የምትሠራው ጎረቤታችን ሲፈንም «በታዘዘላት ልክ በየቀኑ ካልተጠቀመች አይሠራም፤ ስትረጭ ጫፉን ወደ አፍንጫዋ መሃል ሳይሆን ወደ ጆሮዋ በኩል ታዘንብለው፤ ከነሰራት ሐኪሟን ትጠይቅ» አለችኝ።

ሕፃን ሳለሽ አፍንጫሽን በነጠላዬ ጫፍ እጠርግልሽ ነበር፤ ዛሬ ትንፋሽሽ ሲታፈን በስልክ እየሰማሁ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

እግዜር ይማርሽ ልጄ። ስትደውዪ ከሰላምታው በፊት አፍሽን ዘግተሽ በአፍንጫሽ አንዴ ተንፍሺልኝ፤ እሱን ልስማ።

እናትሽ በእምነት